ግድግዳ የማያግደው መረብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በልዩ ልዩ ደሴቶች የሚገኙ ተርሚናሎችን ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር በራዲዮ ሞገድ አገናኙ። ዛሬ በየመደብሩ የሚታየው ዋይፋይም የሚሠራው በራዲዮ ሞገድ ነው፤ ራውተር የተባለው መሣሪያ በመሥመር የመጣለትን መረጃ በአየር ያስተላልፋል፤ የሚላክለትንም ይቀበላል።

ዳሩ ግን ባሕር ያላገደውን ሞገድ የመደብር ግድግዳ አያግደውም፤ በደጅ የቆመ ሰው ሊጠልፈው ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው የገንዘብ ሣጥኑን እንደሚቆልፍ ሁሉ መረቡንም በምስጢር ቃል ሊቆልፍ ይገባዋል። ዌፕ የተባለው የቀድሞ መቆለፊያ ደካማነቱ በዚሁ አቆጣጠር በ2001 ስለ ተገለጠ፣ በ2018 የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይመረጣል። ለደንበኞች የሚፈቀደው መረብም ሒሳብ ከሚሠራበት የተለየ ይሁን።