ሕዋስ፦ ከጉና ድንች እስከ ደገኛ ደም

በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ድንችና ገብስ የገበሬው ጓዳ ምሰሶዎች ናቸው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ውርጭ ከመታው ግን፣ ማታ ለምልሞ የታየው የድንች ማሳ ረፋድ ላይ ጠውልጎና ጠቁሮ ይገኛል። ጉዳቱ የደረሰው ዓይን በማያየው ሕዋስ ላይ ነው።

ሕዋስ ወይም ሴል የሕይወት ትንሹ አሃድ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ተደርድረው ላገኛቸው ጥቃቅን ክፍሎች ሴል የሚለውን ስም አወጣላቸው። ዕፅዋትም እንስሳትም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ያስረዱት ደግሞ በ1838 እና በ1839 ጀርመናውያኑ ሽላይደንና ሽቫን ናቸው። ጠላ የሚያፈላው እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ሲሆን፣ የሰው አካል ግን 30 ትሪሊዮን ገደማ ሕዋሶች አሉት።

ሕዋስን ለማየት ድንች ይመቻል። ጥሬ ድንች ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በምላጭ ይሳሳና አንድ ጠብታ አዮዲን ይደረግበታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ተጠጋግተው በተደረደሩት ሕዋሶች ውስጥ የታጨቁ ሞላላ ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለውጠዋል። ይህ ስታርች ነው፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ሠርቶ ወደ ሥር የላከው ስኳር የሚከማችበት መልክ።

እያንዳንዱን የድንች ሕዋስ ከውጭ የሚያቅፈው ከሴሉሎስ የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ሥር የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥ ስስ ሽፋን አለ። በውስጡ ኒውክለስ የዘር መመሪያውን ይይዛል፤ ራይቦሶም ፕሮቲን ይሠራል፤ ማይቶኮንድሪያ ከምግብ ኃይል ያወጣል። በአረንጓዴው ቅጠል ብርሃንን የሚጠቀመው ክሎሮፕላስት ነው። ቫኪዩል የሚባለው ከረጢት ደግሞ ውኃ ሲሞላ ግድግዳውን ይገፋል፤ ኳስ በአየር እንደሚደድር፣ ቅጠልም ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ግፊት ነው።

ውርጭ ሲመጣ በመጀመሪያ በረዶ የሚሆነው በሕዋሶቹ መካከል ያለው ውኃ ነው። በረዶው ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ሕዋሱ ይደርቃል፣ ስስ ሽፋኑም ይጎዳል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ የተጎዳው ሽፋን ፈሳሹን መያዝ ስለማይችል ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። ተለያይተው የነበሩት ንጥረ ነገሮችም ተቀላቅለው ያጠቁሩታል። ግድግዳው ቢቆምም ሽፋኑ ከተበላሸ ሕዋሱ ሞቷል። ከአፈር በታች ያለው ድንች ግን አፈሩ ስለሚከልለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

የደጋው ሰው ሕዋስም የራሱ ፈተና አለበት። የደቡብ ጎንደሯ ከተማ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅንም ያነሰ ነው። ኦክስጅን የሚያመላልሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲጎለምስ ኒውክለሱንም ማይቶኮንድሪያውንም ጥሎ ቦታውን ኦክስጅን ለሚይዘው ሂሞግሎቢን ይለቃል፤ 120 ቀን ያህል ካገለገለ በኋላ መቅኒ በሚያመርተው አዲስ ሕዋስ ይተካል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ከስስ አየር ጋር የተላመዱት ሂሞግሎቢናቸው በዝቶ ነው። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሂሞግሎቢናቸውም ሆነ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ብዙም እንደማይለይ አሳየ። ግኝቱ ከፍታን የመላመጃው መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑን አስረድቷል።

በደጋው ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ የባዮሎጂ መምህራን፣ የሕዋስን ክፍሎች ስም ከማስጠናታችሁ በፊት ሥራቸውን አሳዩ። ማይክሮስኮፕ ባይኖር ከአንድ ድንች ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጣችሁ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውኃ ንከሩ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ይደድራል፤ ሁለተኛው ውኃውን አጥቶ ይለሰልሳል። የስሱን ሽፋን ሥራ በእጁ ዳስሶ ያወቀ ተማሪ፣ ውርጭ የመታውን ማሳ ሲያይ ምክንያቱን ራሱ ያስረዳል።