በሕክምና ፎቶግራፍ ውስጥ የሚሸሸገው መረጃ

በስማርት ስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ ከምስሉ ሌላ በዓይን የማይታይ ጽሑፍ ይዞ ይጓዛል። ኤግዚፍ የተባለውና በ1995 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው ይህ ሥርዓት የስልኩን ዓይነት፣ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው የቦታ ምዝገባ ክፍት ከሆነም ቦታውን ይመዘግባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከቤሊዝ ፖሊስ ይሸሽ የነበረው ጆን ማካፊ ጓቲማላ መግባቱ የታወቀው አንድ መጽሔት ባወጣው ፎቶግራፍ ውስጥ ይኸው መረጃ ሳይሰረዝ በመቅረቱ ነበር።

በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በሾኔ የሚሠራ ባለሙያ የቁስል ወይም የራጅ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ልኮ ሆሳዕና የሚገኘውን ሐኪም ቢያማክር ጥቅሙ አያጠያይቅም፤ በሽተኛውን ከከንቱ ጉዞና ወጪ ሊያድነው ይችላል። ፎቶግራፉ በሆስፒታል ውስጥ የተነሣ ከሆነ የተመዘገበው ቦታ የሚናገረው ሆስፒታሉን ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ እምብዛም ነው። አሳሳቢው በቤት ለቤት ጉብኝት የሚነሣው ነው። ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ስፍራ ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ስለሚለይ፣ ቤቶች በእንሰት ማሳ መካከል ተራርቀው በሚገኙበት የሐዲያና የከምባታ ገጠር ይህ አንዱን ቤት ለይቶ እንደመጠቆም ነው። በሽታው ቤተሰብን እስከ ጋብቻ ድረስ የሚያስገልል እንደ ዝሆኔ ያለ ከሆነ፣ የእግሩ ምስል ፊት ባይኖረውም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለመንደሩ ሰው ግልጽ ይሆናል።

ቀኑና ሰዓቱም ቀላል አይደሉም። ስልኩ 27/01/2025፣ 15፡20 ብሎ ቢመዘግብ በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡20 ሰዓት ማለት ነው፤ የካርድ ክፍሉን መዝገብ ማየት የሚችል ሰው ስሙን ለማግኘት ብዙ አይደክምም።

መረጃውን ለማየት በአይፎን ፎቶግራፉን ከፍቶ ወደ ላይ መሳብ ይበቃል፤ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮችም እንዲሁ ነው፣ አለዚያ ዝርዝር የሚለውን መክፈት ነው። ለማጥፋት አይፎን በማጋሪያው ገጽ አናት ላይ ባለው አማራጭ ቦታውን ማስቀረት ያስችላል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ደግሞ በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ የግል መረጃን የሚሰርዝ ትእዛዝ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ ምዝገባውን አስቀድሞ መዝጋት ነው፤ ያልተጻፈ ነገር መሰረዝ አያስፈልገውም።

ቴሌግራም ፎቶግራፍን በተለመደው መንገድ ሲልክ ምስሉን አሳንሶ ስውር መረጃውን ያስቀራል። በፋይልነት ሲላክ ግን ሁሉም እንዳለ ይደርሳል። ሐኪሞች ራጅ በጥራት እንዲታይ የሚመርጡት ይህንኑ ሁለተኛውን መንገድ መሆኑ ያሳዝናል። በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ የሚተላለፈውም እንደዚሁ ሳይነካ ይሄዳል።

ስውሩ መረጃ ተሰረዘ ማለት በሽተኛው ተሰወረ ማለት አይደለም፤ በራጁ ጠርዝ የታተመው ስም፣ ንቅሳት ወይም ጠባሳ በምስሉ ላይ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መመደቡም ሊዘነጋ አይገባም። የቁስልን መዳን ለመከታተል ቀኑ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው የበሽተኛው ካርድ ነው፤ ፎቶግራፉ ከተላከ በኋላም ከባለሙያው የግል ስልክ፣ ከተሰረዙ ፎቶግራፎች ማኅደር ጭምር፣ መጥፋት ይኖርበታል።