ዘመኑ የተፋቀ ብር እንዴት ይነበባል?

ከየቤታችን ሣጥን ወይም ከእናቶቻችን የአንገት ማተብ ወርዶ ወደ ግቢያችን የሚመጣው የምኒልክ ብር ጥቂት አይደለም። ያመጣውም ባልንጀራችን አብዛኛውን ጊዜ «ቅድመ አያቴ ዓድዋ ሲዘምት በመቀነቱ ቋጥሮት የነበረ ነው» ይለናል። ነገሩ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ እውነት ሊሆን መቻሉና አለመቻሉ የሚታወቀው በብሩ ላይ በተቀረጸችው በመጨረሻዪቱ አኃዝ ነው። እሷም ብዙ ጊዜ ተፍቃለች።

ለማንበብ ከመታገል በፊት ምን ሊጻፍ ይችል እንደ ነበረ ማወቅ ይበጃል። በፓሪስ በተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ሙሉ ብር ላይ የምናገኛቸው ዓመታት አራት ናቸው፤ 1887፣ 1889፣ 1892ና 1895 ዓመተ ምሕረት። እንግዲህ የምንፈልገው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሉት ፲፰፻ በአራቱም ላይ አንድ ስለ ሆኑ ቢጠፉም አያሳዝኑም።

እዚህ ላይ የግእዝ አኃዝ ታላቅ ውለታ ይውልልናል። በፈረንጅ አጻጻፍ 9 ብቻዋን ብትተርፍ ዘጠኝ ትሁን ዘጠና የምናውቀው በቆመችበት ስፍራ ነው፤ ጎረቤቶቿ ከጠፉ ስፍራዋም ያጠራጥራል። በግእዝ ግን ዘጠኝ ፱፣ ዘጠና ደግሞ ፺ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ዋጋውን በራሱ ይዟል። ስለዚህ ከዘመኑ ሁሉ ፺ ብቻ ቢታይ 1887ና 1889 ወዲያው ይወድቃሉ። ፭ ብቻ ብትታይ ደግሞ ሌላ ምስክር ሳንጠራ 1895 ነው ብለን እንፈርዳለን። ክርክሩ የሚከፋው ፹ ታይቶ ቀጥላ ያለችው ስትደበዝዝ ነው፤ ፯ ናት ወይስ ፱?

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከመኝታ ክፍላችን አይጠፋም። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ከብሩ ጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው። ከላይ የወረደ ብርሃን ሁሉን ያመሳስላል፤ ከጎን የመጣ ግን የጠጕር ታህል ከፍታ እንኳ ጥላ እንድትጥል ያደርጋታል። ብሩን በቀስታ እያዞሩ ጥላው ሲለዋወጥ መመልከት፣ ከየአቅጣጫውም ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል። ሥሥ ወረቀት አልብሶ በለስላሳ እርሳስ ማሸትም ይረዳል። ከዚያ በኋላ ደኅና ከሆነ ብር ጋር ማስተያየት ነው፤ የአንበሳው የትኛው የፊት እግር እንደ ተነሣ ጭምር፣ ቅርጹ በየጊዜው ተለዋውጧልና።

የንጉሠ ነገሥቱ ጕንጭና ዘውድ ከሁሉ ቀድመው ያልቃሉ። በጠርዙ አጠገብ ያለው ጽሕፈት ግን ከፍ ያለው ጠርዝ ስለሚከልለው ይቆያል፤ ጠላቱ ለማንጠልጠያ የተበየደው ቀለበት ነው። ከቀለበቱ የከፋ ጠላት ደግሞ አመድ፣ አሸዋና ሎሚ ይዞ የሚያሽ ሰው ነው! ብሩ ያብረቀርቃል፣ የቀረችው አኃዝ ግን ከእድፉ ጋር አብራ ትሄዳለች።

ወደ ዓድዋው ነገር እንመለስ። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ፯ ከሆነ ብሩ ዓድዋ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ደርሷል ማለት ግን አይደለም። ፱ ከሆነ ከድሉ በኋላ በገባው መስከረም የጀመረ ዓመት ነውና የቤተሰቡ ታሪክ ሌላ ብር መፈለግ አለበት። 1889ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ማንበብም ስሕተት ነው፤ በእነርሱ አቈጣጠር ከመስከረም 1896 እስከ መስከረም 1897 ያለው ነው።

የተገኘው ዓመት ሁሉ ገንዘቡ የተሠራበት ነው ብሎ መደምደምም ያሳስታል። ጠገራው የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ንግሥቲቱ ካረፉበት ከ1780 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወዲህ፣ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲመታ ያው 1780 ነበር የሚቀረጽበት። ስለዚህ በእርሱ ላይ ዘመኑ ቢፋቅ የሚጎድለን ነገር የለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም 1936 ዓ.ም. እንደ ተጻፈባቸው ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ከእነዚህ መካከል ግን ዕድሜውን በመልኩ የሚናገር አንድ አለ፤ ስሙኒው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ብር እየተቀባ ሃምሳ ሳንቲም ነኝ እያለ ገበያውን ስላስቸገረ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸነሸነ። ክቡን ስሙኒ ያገኘ እንግዲህ ቍጥሩ ጨርሶ ቢጠፋም የፊተኛውን ቅርጽ እንደ ያዘ ይወቅ።