ከሶዶ እስከ ኬንያ የሚሄደው መስመር ቺፕ ውስጥ ካለ ሽቦ ጋር ምን አገናኘው?

ሃላሌ ያለበት የወላይታ ምዕራባዊ ክፍል ወደ ኦሞ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 አለ። ከወላይታ ሶዶ ደግሞ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርስ መስመር ይነሳል። ይህ መስመር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሚያስተላልፈውም ዲሲ ነው።

ለምን ዲሲ? አንዱ ምክንያት ርቀቱ ነው። የቤታችን መብራት ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ የሞገዱም ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሶዶ እስከ ሱስዋ ያለው ርቀት የዚህ አንድ ስድስተኛ ነው። እንዲህ ሲረዝም የመስመሩ ሁለት ጫፎች በአንድ ቅጽበት እኩል ቮልቴጅ አይኖራቸውም። ሽቦው ተራ ሽቦ መሆኑ ያበቃና በየሜትሩ ኢንዳክታንስና ካፓሲታንስ ያለው የሞገድ መንገድ ይሆናል።

አሁን ወደ ቺፕ እንግባ። በ60 ጊጋ ኸርዝ፣ ሽቦዎቹን በሚሸፍነው ሲሊከን ኦክሳይድ ውስጥ፣ የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ስድስተኛው 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አያችሁ? ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ለዚያ ሞገድ ከሶዶ እስከ ሱስዋ ያህል ሩቅ ነው!

ችግሩ ቦታ ነው። ዲዛይነሮች ብዙ ጊዜ የሞገዱን ሩብ የሚያህል መስመር ይፈልጋሉ፤ የቺፕ ቦታ ደግሞ ውድ ነው። ታዲያ መላው ሞገዱን ማዘግየት ነው። ከሽቦው ሥር ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን አግድም፣ በእኩል ርቀት ይደረድራሉ። ካፓሲታንሱ ይጨምራል። ጅረቱ የሚፈሰው በሽቦው ርዝመት ስለሆነ ኢንዳክታንሱ ብዙም አይነካም። ፍጥነት ማለት 1 ለሁለቱ ብዜት ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ ካፓሲታንሱ 4 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚያስፈልገው ርዝመትም እንዲሁ። በነፃ ግን አይደለም፤ የመስመሩ ኢምፒዳንስም በግማሽ ይወርዳል።

ቺፕ አንዴ ከተመረተ በኋላ ሽቦ ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ቀድሞ በኮምፒውተር ሲሙሌት መደረግ አለበት። መቶ ጥቃቅን ዘንጎችን በአንዴ ማስላት ግን ኮምፒውተሩን ያስጨንቀዋል። እዚህ ላይ ድግግሞሹ ራሱ ያግዛል። አንዱን ክፍል ብቻ አስልተው ውጤቱን በ2 በ2 ማትሪክስ ይጽፉታል። ማትሪክሱን መቶ ጊዜ በራሱ ሲያባዙት መቶ ክፍል ያለው መስመር ይገኛል። የሂሳብ ክፍላችሁ ማትሪክስ ለምን ይጠቅማል ብላችሁ ከሆነ፣ ይኸው!

አንድ ወጥመድ አለ። ብቻውን የተሰላ ክፍል ጎረቤት የለውም፤ እውነተኛው ዘንግ ግን ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ይነካካል። ሲሙሌሽኑ ሞገድ የሚያስገባበት ጫፍም የራሱን ስህተት ይጨምራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ዲዛይነር፣ ለምሳሌ 5 እና 10 ክፍል ያላቸውን ሁለት መስመሮች ያሰላል። የሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሲያነጻጽራቸው የጫፉ ስህተት ይጣፋና የመካከለኞቹ 5 ክፍሎች ጠባይ ብቻ ይቀራል።

በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት የሞገዱን ግማሽ ከደረሰ ግን ከየዘንጉ የሚመለሰው ነጸብራቅ ይደማመርና መስመሩ ሞገዱን አላሳልፍም ይላል።