የሲልቨር ስፕሪንግ ሚያዝያ

ጠዋት መኪናው ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሶ ያድራል። በጣት ሲጽፉበት ይጻፋል፤ ውሃ ሲነካው መስታወቱ ላይ ይላቆጣል። ባለመኪናው ዓይኑን እያሸ «ይሄ ጉንፋን አለቀቀኝም እኮ» ይላል። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ትኩሳት የለውም፣ ሰውነቱን አይቆረጥመውም፤ ማስነጠሱና የላንቃው ማሳከክ ግን እንቅልፍ ነስቶታል። ዳማከሴው ተጨመቀ፣ ዝንጅብሉ ተፈላ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተበላ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ከተሞች፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በሉት በአሌክሳንድሪያ፣ ይህን የማያውቅ የሀበሻ ቤት ጥቂት ነው።

ይህ ግን ጉንፋን ሳይሆን አለርጂ ነው፤ የሚያመውም ያ ቢጫ ዱቄት ይመስለናል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ የፓይን ዛፍ ብናኝ ነው፤ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ይገባል እንጂ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ከስንት አንዱን ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት የቼሪ አበባም ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ ብናኙን የሚያመላልሱለት ንቦች ናቸው። የሚያሳምሙት አበባቸው ከናካቴው ልብ የማይባል፣ ብናኛቸውን ለነፋስ የሚሰጡ ዛፎች ናቸው። በዚህ አካባቢ ዋናው ኦክ ነው። ከቅጠሉ እኩል እንደ ክር የተንጠለጠለ ቡናማ ነገር ያወጣል፤ ኋላ ረግፎ በእግረኛ መንገዱ ላይ እንደ ትል ተጠቅልሎ የምናየው እሱ ነው።

ወቅቱ ግን በኦክ አይጀምርም። በየካቲት፣ ገና ካፖርት ሳይወልቅ፣ የእኛው የአበሻ ጥድ ዘመድ የሆነው ኢስተርን ሬድ ሴዳር ከሜፕልና ከኤልም ጋር ይቀድማል። ኦክና በርች በሚያዝያ ይደርሳሉ፤ ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው እዚያው ላይ ስለሆነ በሕማማት ስግደት መሐል ማስነጠስ የተለመደ ነው። ግንቦትና ሰኔ የሣር ናቸው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም ይነግሣል። አንዷ ተክል በአንድ ወቅት እስከ 1 ቢሊዮን ብናኝ ልትለቅ ትችላለች፤ የሚብስበትም ጊዜ እንቁጣጣሽ ላይ ነው። ራግዊድና አደይ አበባ ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንዷ በንብ የምትኖር፣ ሌላዋ በነፋስ።

በዜና የምንሰማው ቁጥር ከየት ይመጣል? ለብዙ ዓመታት የዋሽንግተን አካባቢ ቆጠራ የተሠራው በዚሁ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎረስት ግሌን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር የአለርጂ ላቦራቶሪ ነው። በሕንፃ ጣሪያ ላይ የሚሽከረከር መሣሪያ የሚያጣብቅ ቅባት የተቀባ ቀጭን ዘንግ ይዞ አየሩን ይቀዝፋል። ከዚያ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይህ ኦክ፣ ይህ በርች እያለ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ውጤቱ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ስንት ብናኝ እንዳለ ይነግረናል። ያ እንግዲህ ትናንት በዚያ ጣሪያ ላይ የነበረው ነው። ስልካችን ላይ የሚታየው የነገ ቁጥር በአብዛኛው በስሌት የተገመተ ነው።

«ከፍተኛ» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሜሪካ በሚሠራበት መለኪያ የዛፍ ብናኝ ከፍተኛ የሚባለው 90 ሲደርስ ነው፤ የሣር ግን 20 ላይ። እርከኖቹ የወጡት ጣቢያዎቹ ለዓመታት ከመዘገቡት ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ይታመማል ተብሎ አይደለም። ስለዚህ «መካከለኛ» በተባለበት ቀን አንዱ ቤት ተኝቶ ሲውል ሌላው ምንም ላይሰማው ይችላል። ቁጥሩን ከመከተል ይልቅ የሚያመን የትኛው ተክል እንደሆነ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ ማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የእኛ ሰው ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር አለ፦ «አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረብኝም።» እውነቱን ነው። ሰውነት አዲስ ብናኝ ሲያገኝ ወዲያው አይቆጣም፤ አይ ጂ ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል እያከማቸ ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች አለርጂያቸው አነስተኛ እንደነበር፣ ከ10 ዓመት በላይ አሜሪካ የኖሩት ግን እየተያዙ እንደመጡ አሳይቷል። ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ጅማ ላይ የተደረገ ጥናት አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አግኝቷል። ተከታዩ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እንደሚቀንስባቸው አየ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ጥያቄው ከጅማ ቀበሌዎች ተነሥቶ የዓለም ሳይንስ ውስጥ መግባቱን ግን የሚያውቅልን ጥቂት ነው።

ወቅቱ ራሱም እየረዘመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ከ1990 እስከ 2018 የብናኝ ወቅት 20 ቀን ያህል ቀድሞ መጀመር እንደያዘና የብናኙ መጠን በ21 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አስልቷል፤ ዋናው ገፊም ሙቀቱ ነው። አንዳንዱ ታዲያ ኦኩ ይቆረጥ ይላል። እኔ አልስማማም። ብናኙ በነፋስ ከሩቅ ስለሚመጣ ደጃፍ ላይ ያለውን ዛፍ መቁረጥ የሚያሳጣው የሐምሌን ጥላ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆሞ መኪና የሚያቆመው፣ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን በገዛ ቋንቋው ይህን የሚነግረው አለማግኘቱ።

ታክሲ ነጂው ቤናድሪል ውጦ መሪ ይይዛል፤ መድኃኒቱ ያንገላጅጃል፣ አደጋው ግልጽ ነው። ሎራታዲን የተባለው ብዙም አያስተኛም። ከሁሉ የሚሻለው በየቀኑ አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ነው፤ እሱም የሚረዳው ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው፣ የታመሙ ዕለት ሁለቴ ነፍቶ መተው ዋጋ የለውም። ማታ ሳይተኙ ጸጉር መታጠብ፣ ነጠላውን ውጭ አለማስጣት፣ መስኮት መዝጋትም ይጠቅማል። ለጸናበት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚወሰድ የአለርጂ መርፌ አለ፤ አሳቡ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ደረት ሲጨንቅና ትንፋሽ ሲር ሲር ሲል ግን ነገሩ ከአፍንጫ አልፏል፤ አስም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የኦክን ወቅት ለሚፈራ ሰው የአፍንጫው መድኃኒት የሚጀመረው በመጋቢት አጋማሽ፣ ዛፉ ገና ራቁቱን ሳለ ነው።