ለወንዙ ዳርቻውን እንመልስለት
(ስለ ቢቸናና ሞጣ ወንዞችና መስኮች አጠባበቅ)

ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞች ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የውሃ፣ የመስኖና የከብት ሣር ምንጭ ናቸው። በቢቸና በኩል ሱሃ፣ በሞጣ በኩል አዝዋሪ ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። ሆኖም በብዙ ቦታ እርሻው እስከ ወንዙ አፋፍ ደርሷል። ዳርቻው በየክረምቱ ይናዳል፤ ቦረቦር የገባበት መስክም ክረምቱ እንዳለፈ ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያትና በማኅበራት አቅም ሊሠራ የሚችለውን መፍትሔ እናቀርባለን።

ከመርከብ ወንዞች የተገኘ ትምህርት

ጉዳዩን ለመረዳት መርከብ የሚመላለስባቸውን ወንዞች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በጀርመን አገር ጠመዝማዛ የነበረው የራይን ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1817 ጀምሮ እየተቆረጠ ቀጥ እንዲል ተደርጎ በላይኛው ክፍሉ ርዝመቱ በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ አጠረ። ዓላማው ጎርፍን መከላከልና መሬት ማግኘት ነበር፤ ኋላም ለመርከብ እንዲመች ተጨማሪ ሥራ ተሠራበት። ነገር ግን መንገዱ ያጠረበት ውሃ ፍጥነቱ ጨመረ፤ የፈጠነውም ውሃ ወለሉን እየቆፈረ ወረደ። ወንዙ ሲወርድ በዙሪያው ያለው የመሬት ውስጥ ውሃ አብሮ ወረደ፤ ቀድሞ ጎርፍ ያጠጣው የነበረው የዳርቻ ደንም ደረቀ።

በዳኑብ ወንዝ ላይ ከቪየና ከተማ በታች ይህን ለማረም ሥራ ተሠርቷል። በአንዳንድ ስፍራ በዳርቻው የተደረደረው ድንጋይ ተነሥቶ፣ ተዘግተው የነበሩ የጎን ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። የመርከቡም ጉዞ አልተቋረጠም።

በአገራችን መርከብ ያስተናገደው ወንዝ ባሮ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ወደ ተቋቋመው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። የወንዙን ወቅት የሚጠብቀው መርከቡ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ወንዞች ችግር

ሱሃና አዝዋሪ መርከብ አይሸከሙም። ይሁን እንጂ ራይንን የጎዳው ነገር በየማሳችን በትንሹ ይደገማል፤ ይኸውም ውሃን በአጭር መንገድ ቀጥ አድርጎ ማስወጣት ነው።

የዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ገበሬው አዝመራውን ለማዳን ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ ያለው በአቅጣጫውና በመውጫው ላይ ነው። ቁልቁል የወጣው ፈሰስ ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ተገናኝቶ፣ ባዶ ከሆነው የወንዝ አፋፍ ላይ ሲወድቅ አፈሩን ይቦረቡራል። የቦረቦሩ ራስ በየዓመቱ ወደ ላይ እየተናደ መስኩን ይሰነጥቃል። ወለሉም ከመስኩ በታች ስለሚሆን እርጥበቱን እንደ ቦይ ስቦ ያወጣዋል። ሣሩ ቶሎ የሚደርቀው ስለዚህ ነው።

የታጠበውም አፈር ወደ ዓባይ ይገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ከቢቸናና ከሞጣ የሚሄደው ደለል ማረፊያው በዚያው ነው።

ምን ይሠራ?

ሀ/ ፈሰስ፦ ቁልቁል ሳይሆን መሬቱን አግድም በመጠኑ ያዘነበለ ይሁን። የጎረቤታሞች ፈሰስ ሣር በተተከለበት አንድ የጋራ ውሃ ማፋሰሻ ይውጣ።

ለ/ ዳርቻ፦ በትንንሽ ወንዞች ግራና ቀኝ ከ5 እስከ 10 ሜትር ሳይታረስ እንዲተው እንመክራለን። በአፋፉ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር፣ ከኋላው እንደ ዶቅማና ብሳና ያሉ የአገር ዛፎች ይተከሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚሻማ ከወንዝ ዳር ይራቅ።

ሐ/ ቦረቦር፦ በቅድሚያ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ይቀልበስ። ቀጥሎ የቦረቦሩ ራስ ተዳፋት ሆኖ ይስተካከል፤ ከዚያም በድንጋይ ወይም በእንጨት ዝቅ ዝቅ ያሉ ክትሮች ይሠሩ። የክትሩ መሐል ከጫፎቹ ዝቅ ካላለ ውሃው በጎን ዞሮ ያፈርሰዋል።

መ/ መስክ፦ ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ሣሩ እየታጨደ ይመገብ።

የአፈርና የድንጋይ ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ተከላው ዝናቡ ከተረጋጋ በኋላ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ቢሆን ይመረጣል። ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ ክትሮቹን መመርመር የልማት ሠራተኛው ኃላፊነት ይሁን።

መሬቱን የሚለቀው ማን ነው?

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 10 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው ዳርቻ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሔክታር አንድ አሥረኛ ይሆናል። ጥቂት ጥማድ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ የዓመት ቀለብ የሚያጎድል መሬት ነው። ጥቅሙ ለመንደሩ ሁሉ ሆኖ ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ቢያርሰው ሊፈረድበት አይገባም።

ስለሆነም ማኅበሩ ከተከላው በፊት ከባለይዞታው ጋር ይስማማ። የዳርቻው ሣር የባለይዞታው ይሁን፤ ከተከለለው የጋራ መስክ ሣርም ተጨማሪ ድርሻ ይሰጠው። ችግኙንና የተከላውን ጉልበት ማኅበሩ ይቻል። ስምምነቱም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።

ሥራው ከላይኛው ተፋሰስ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ። የላይኛው ማኅበር ፈሰሱን ሳያስተካክል የታችኛው ክትር ቢሠራ የአንድ ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል። የልማት ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድመው የላዩንና የታቹን መንደር ገበሬዎች በአንድነት ሰብስበው ወንዙን ተከትለው እንዲያዩት ያድርጉ።