አሠሪው ማን ነው?

በቢቸናና በሞጣ ችሎቶች ጥብቅና የቆመ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ሕግ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው መሬት ነውና፣ ከአባቶቹ የርስት ሙግት «ዳኛው መሬቱ ባለበት ነው» የሚለውን ወርሶ፣ ከሥራው በአድልዎ በተሰናበተ ጊዜም «በክልሌ ተበድያለሁና የክልሌ ሕግ ይዳኘኝ» እያለ ይመጣል። በሥራ ክርክር ግን ሕጉ የሚከተለው አሠሪውን እንጂ አፈሩን አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሠራተኛ ጉዳይ ሕግን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልል መንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር ለክልሎች ትቷል። ስለዚህ በቢቸና የግል ባንክ ቅርንጫፍ የምትሠራ ሴት ፀንሳ ብትሰናበት የሚዳኛት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ አንቀጽ 26 ፆታንም፣ እርግዝናንም፣ ሃይማኖትንም፣ የፖለቲካ አመለካከትንም ለስንብት ምክንያት እንዳይሆኑ ከልክሏልና። ቅዳሴው በየአድባራቱ አንድ ሆኖ ቀዳሹ የየደብሩ ካህን እንደሆነ ሁሉ፣ ይህን የፌዴራል ሕግ እዚያው የሚተረጉመው የክልሉ ዳኛ ነው። ያችው ሴት የሞጣ ጤና ጣቢያ ነርስ ብትሆን ኖሮ ግን፣ ተበዳይዋና በደሉ ሳይለወጡ ሕጉ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ደጁም አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቷ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎም የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በሆነ ነበር፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ አዋጅ አለው።

ይህን አጥር ተሻግሮ የክልሉንም የፌዴራሉንም የግሉንም አሠሪ በአንድነት የሚያስር፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። ከርትዕ አንጻር ሳየው ከሁሉ የሚልቅብኝም እርሱ ነው፤ የማስረዳቱን ሸክም ከተበዳዩ ትከሻ ያነሣልና። አድላዊ አሠሪ መቼም «ፀንሳለችና አሰናበትኋት» ብሎ በማኅተም አይጽፍም፤ የሚጽፈው «በመዋቅር ለውጥ ምክንያት» ነው፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የተቀበለች ሴት ከአሠሪዋ ልብ ማስረጃ ከወዴት ታምጣ? የ568ቱ ሥርዓት ለፆታም ለሃይማኖትም አድልዎ ሊዘረጋ ይገባዋል ባይ ነኝ።

እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ አቤቱታ ከማስጻፍዎ በፊት የቅጥር ደብዳቤዎን አውጥተው ማኅተሙ የማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ በአዋጅ 1156 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል።